እህቴ በበርሜል ያረባቻቸው

ዝናብ የመታው ካርቶን በሸተተኝ ቁጥር ቁስቋም ያለው ግቢያችንና እስከ ክንዷ ድረስ በተዘፈዘፈ ወረቀት የተነከረችው እናቴ ይታዩኛል። ከየሱቁ ካርቶንና አሮጌ ደብተር ሰብስባ፣ ዘፍዝፋ፣ ቀጥቅጣ፣ በቅርጽ ማውጫ እየጨመቀች የእንቁላል መደርደሪያ ትሠራ ነበር፤ ቤታችንም የሚተዳደረው በዚያ ነበር።

በበጋ ከዝፍዝፉ የሚወጣው ውሃ ቁልቁል ወርዶ የጎረቤታችን የአያ ጫኔ ጎመን ዳር ይተኛና እንደ ጠነባ እንቁላል ይሸት ነበር። አንድ ቀን አያ ጫኔ የጠወለገ ጎመን እንደ ታመመ ልጅ ታቅፈው መጡና፣ «ምነው እቴ? እስከ ፋሲካ ካላስተካከላችሁ ቀበሌ ሄጄ አስዘጋዋለሁ!» አሉ። እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው እህቴ ትብለጥ ግን ያንን ውሃ በርሜል ሞልታ፣ የላማችንን እበት በጥብጣ ጨመረችበትና፣ «እበቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይበሉታል፤ አየር ብቻ እንዳያጡ» ብላ የብስክሌት ጎማ መንፊያ አስያዘችኝ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እነፋ ነበር፤ እናቴ የማታያቸውን እንግዶች ላለመርገጥ ይመስል ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ታልፍ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ትብለጥ፣ «ወረቀት ብቻውን አያጠግባቸውም፤ ትንሽ አጓት ስጪኝ» አለቻት።

«በሁዳዴ! በእኔ ግቢ የሚኖር ሁሉ ይጾማል!» አለች እናቴ።

ትብለጥ ብታስረዳ፣ እኔም ባለቅስላቸው፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ነገሩ የዜማ መምህር ለሆነው ለአባቴ ቀረበ። መሪጌታ አባቴ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ጢሙን እየደባበሰ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «ተጠምቀዋል?» ሲል ጠየቀ።

«ኧረ አባዬ፣ በምን ዕድላቸው!» አለች ትብለጥ።

ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ያልተጠመቀ ጾም የለበትም። ስጪያቸው» አላት።

እናቴ ፊቷን አዙራ ቀዳችላቸው። ከዚያ ወዲያ ሽታው ቀን በቀን እየቀነሰ ሄደ፤ ፋሲካ ሲደርስ ዝቃጩ ከታች ተኝቶ፣ ከላይ ያለው ውሃ ጠርቶ ነበር። አያ ጫኔ አሽትተውም አላመኑ፤ አንድ መደብ ጎመን ብቻ አጠጥተው ጠበቁ። ክረምት ሲገባ ያ መደብ ተንዠርግጎ አደገና፣ ቀበሌ መሄዱን ትተው አንድ እቅፍ ጎመን ይዘውልን መጡ።

«ሸጋ ነው» አሉ፤ «እነዚያንም አቅምሷቸው።»

ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። የታጠብኩበት ውሃ በቧንቧ ይወርዳል፤ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀበለው ጠይቄ አላውቅም። ያኔ ግን እራት ሲቀርብ እናቴ እጇን ከሌማቱ መለስ አድርጋ፣ «እነሱስ በልተዋል?» ትል ነበር፤ መልሱን ሳትሰማም አትቆርስም ነበር።