ሐይቁ ዳር የተጠራሁበት ስም

ሐይቁ ዳር ሄደን እንድናድር ያሰበችው ጓደኛዬ ነበረች። ያኔ ካርቱም ገና ሰላም ነበረች። ሁለታችን ዴም የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እኔ አርካዊት ሰፈር አንድ ሱዳናዊ ቤተሰብ ዘንድ ሠራተኛ ነኝ፤ እሷ እዚያው አርካዊት የሴቶች ጸጉር ቤት ትሠራለች። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣

«አንዲት ደንበኛዬ ጀበል አውሊያ ኸዛኑ ዳር ድንኳን ይዛ ነበር። ጉዳይ ገጠማትና ለኔ ሰጠችኝ። ጁምዓ እንሂድ» አለችኝ።

ኸዛን የሚሉት ግድቡ ያጠራቀመውን ሐይቅ ነው።

«ድንኳን? ለቅሶ አለ እንዴ?» ብዬ ሳቅሁባት።

«የምን ለቅሶ! የሀብታሞች ድንኳን እኮ ነው። አልጋ አለው፣ መስታወት አለው፣ መብራት አለው። አንድ ቀን እንኳ ሰው ያዘጋጀው አልጋ ላይ እንተኛ እንጂ!»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃሏ አሸነፈችኝ። ስንት ዓመት የሰው አልጋ ሳነጥፍ ኖሬ፣ ሌላ ሰው ያነጠፈው ላይ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

እኔና እሷ የተዋወቅነው መተማን ስንሻገር፣ በአንድ መኪና ላይ ነው። ካርቱም ስንደርስ እኔን የአክስቴ ልጅ ጠበቀችኝ። እሷን ይቀበለኛል ያለችው ሰው ግን ስልኩን አጥፍቶ ጠፋ። ፌስታሏን አቅፋ ሱቅ ጥግ ላይ ቆማ ሳያት አላስቻለኝም፤ ይዣት ሄድኩ። አንድ ፍራሽ ላይ ተኛን። የመጀመሪያ ሥራዋንም እኔው ነኝ ያገኘሁላት፤ እንደኔው ሸጋላ ሆነች፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ማለት ነው። ወባ ይዟት ስትንቀጠቀጥ ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ያዞርኳት፣ ጭንቅላቷን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግ የከረምኩት እኔ ነኝ። ውለታ ልቆጥር ፈልጌ አይደለም ይህን የምጽፈው። በኋላ የሆነው ነገር ያለዚህ አይገባም።

ለጉዞው አዲስ ቀሚስ አሰፋሁ፤ ሰማያዊ፣ አንገቱ ዙሪያ ነጭ ጥልፍ ያለው። ሐሙስ ዕለት ስለካው አየችኝና፣ «ለመንገዱ አሮጌ ልበሺ፣ አቧራው አያድርስ ነው። እዚያ ስንደርስ ትቀይሪያለሽ» አለችኝ። አሳቢነቷ ደስ አለኝ።

እሷ ግን ጸጉሯን ተሠርታ፣ ያላትን ሁሉ ለብሳ ነው የወጣችው። አቧራው እሷን አይነካም ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም።

በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ወረድን፤ ከጀበል አውሊያ ገበያ ደግሞ ሪክሻ ያዝን። ሐይቁን ሳየው አፌን ከፈትኩ። የካርቱምን ዓባይ ከድልድይ ላይ ስመለከት ነው የኖርኩት፤ ይሄ ግን ዳርቻው አይታይም። ነጫጭ ወፎች ውሃው ላይ ተኮልኩለዋል፤ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ጎትተው አሸዋ ላይ መረባቸውን ይጠግናሉ። መንግሥት የከለለው መናፈሻ ነው። በአንደኛው በኩል፣ ግራሮቹ ሥር፣ ድንኳናቸውን ራሳቸው ይዘው የመጡ ቤተሰቦች ምንጣፍ አንጥፈው፣ ከሰል አቀጣጥለው ተቀምጠዋል። በሌላው በኩል፣ ከሸምበቆ አጥሩ ጀርባ፣ የተባሉት ድንኳኖች ተደርድረዋል።

ውሸቷን አልነበረም። ወለሉ ሳንቃ ነው፣ ሳንቃው ላይ ምንጣፍ፤ ሁለት አልጋ ነጭ አንሶላ ተነጥፎባቸው፣ ቁመት የሚያህል መስታወት፣ ውሃውን የሚያሳይ መስኮት። አልጋው ላይ በጀርባዬ ወደቅሁ። እሷም ከጎኔ ወደቀች። ጣሪያውን እያየን እንደ ሕፃን ሳቅን። አንሶላውን ማን አንጥፎት ይሆን፣ ማዕዘኑን አላሳመረውም እያልኩ ስቀልድ እሷ ሰዓቷን ደጋግማ ታይ ነበር።

ተነሥቼ ቀሚሴን ከቦርሳዬ ላወጣ ስል መኪና ቆመ። ከድንኳኑ ፈጥና ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ከመኪናው የወረዱት አንድ ረጅም ወጣትና እናቱ ናቸው። ስለ ልጁ ሰምቼ ነበር፤ ካርቱም የተወለደ ሐበሻ ነው፣ ከእሷ ጋር ለጋብቻ እየተነጋገሩ ነው። በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም፤ በዚያች ቀን ይመጣል ብላም አልነገረችኝም። እናቱ አል-ሳሃፋ ሱቅ ያላቸው፣ ዕድሜያቸውን እዚያው የፈጁ ሴት ናቸው። ጓደኛዬን ስመው እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ዲ ሚኑ?» አሉ በዓረብኛ፤ ይቺ ማን ናት ማለታቸው ነው።

ጓደኛዬ ፊቷ ሳይለወጥ፣ «ዲ ሸጋላ በታዕቲ» አለች። የኔ ሠራተኛ ናት።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ሸጋላ መባል ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ የምጠራበት ነው፣ የምበላበትም ነው፣ አፍሬበት አላውቅም። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ሆነብኝ። አሮጌውን ቀሚስ እንደለበስኩ ቆሜያለሁ። ለምን እንደለበስኩት ያኔ ገባኝ።

እናትየዋ በእጃቸው የያዙትን የምግብ ዘንቢል ወደኔ ዘረጉ። እጄ ራሱ ሄዶ ተቀበላቸው። ምን ላድርግ? ሰው ዘንቢል ሲዘረጋልኝ መቀበል ለምጃለሁ።

ወደ ማብሰያው ስሄድ ተከትላኝ መጣች። ከሸምበቆው ጀርባ ክንዴን ያዘችኝ።

«ለዛሬ ብቻ። በማርያም፣ ለዛሬ ብቻ» አለችኝ እያንሾካሾከች።

«ምንድን ነው ያልሻቸው?»

«አባቴ ጎንደር ነጋዴ ነው ብያለሁ። ቤት አለኝ፣ ሠራተኛ አለችኝ ብያለሁ። የሰው ቤት ያጠበች ናት ከተባለ እናቱ ልጃቸውን አይሰጡኝም። ጸጉር ቤቱም የኔ ነው ብያቸዋለሁ።»

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«እምቢ ትዪኝ ነበራ!»

«ታዲያ እምቢ እንደምል እያወቅሽ ነው ያመጣሽኝ?»

ክንዴን ለቀቀችና ሻሿን አስተካክላ፣ «ሻዩን ቶሎ አድርጊው፣ እየጠበቁ ነው» ብላኝ ሄደች።

ሻዩን አፈላሁ። ይህን ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ፤ ለምን እንዳፈላሁት በትክክል አላውቅም። ትዳሯን ላለማፍረስ ይመስለኛል። አንድ ከሰዓት ነው፣ ያልፋል አልኩ።

ዓርብ ስለነበር ምሳው ፉልና ምስር ነው። ውሃው ዳር ምንጣፍና ትራስ ተዘረጋ። እነሱ ተቀመጡ፣ እኔ አቀረብኩ። ልጁ ትሑት ነበር፤ አማርኛው የተሰባበረ ቢሆንም ብርጭቆ በተቀበለኝ ቁጥር «አመሰግናለሁ፣ እሕቴ» ይለኛል። እሷ አንድም ጊዜ አመሰግናለሁ አላለችም። ሳታየኝ እጇን ትዘረጋለች። ከየት እንደተማረችው አውቃለሁ፤ የመጀመሪያዋ አሠሪዋ እንዲህ ነበረች፤ ማታ ማታ ቤት ስትገባ እያስመሰለቻት ታስቀኝ ነበር።

እናትየዋ ወደኔ ዞረው፣ «ያ ቢቲ፣ እሷ ዘንድ ስትሠሪ ቆየሽ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ። «እንደ እህቴ ናት ማለት ይቻላል። ካርቱም ስትመጣ የሚቀበላት ሰው ጥሏት ጠፍቶ፣ ፌስታሏን ይዛ መንገድ ላይ ቆማ አገኘኋት። አሳዘነችኝና ቤቴ ወሰድኳት። ወባ ይዟት እኮ ልትሞትብኝ ነበር! በሪክሻ ስንት ሐኪም ቤት አዞርኳት። ሌሊቱን በእርጥብ ጨርቅ ግንባሯን ስጠርግ ነው የማድረው።»

«ማሻአላህ» አሉ እናትየዋ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አየህ፣ ወለዲ? ልብ ያላት ልጅ ናት» አሉት ልጃቸውን።

ሠራተኛዬ ናት ማለቷን ችዬው ነበር። ይሄን ግን አልቻልኩትም። ስሜን ብትወስድ፣ ጉልበቴን ብትወስድ አንድ ነገር ነው፤ እሷ ግን ያደረግኩላትን ነገር እንዳለ አንሥታ፣ ፌስታሉንና እርጥቡን ጨርቅ ሳይቀር፣ ራሷ ለበሰችው። በሕይወቴ ያደረግኩት ጥሩ ነገር ያ ነበር። ትሪውን ሄጄ አስቀመጥኩትና ውሃው ዳር ወረድኩ። ማንም አልተከተለኝም። ሲመሽ የጥበቃው ሰው መጥቶ ሠራተኞች የሚያድሩባትን ድንኳን አሳየኝ፤ ከማብሰያው ጀርባ ያለች ሸራ፣ መሬቱ ላይ ሰሌን፣ ዙሪያውን የውሃ ጀሪካን። ያ ነጭ አልጋ ላይ እናትየዋ ተኙ።

ጠዋት ፊቴን በሐይቁ ውሃ ታጠብኩና ሰማያዊውን ቀሚሴን ለበስኩ። አሸዋው ላይ ተቀምጬ እግሬን ውሃ ውስጥ ከተትኩ። ዓሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ፣ ወፎቹ ከጀልባዎቹ ኋላ ሲከተሉ አየሁ። ለዚህ ነበር የመጣሁት፤ ሳላየው አልሄድም አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ በሩጫ መጣች።

«ምን ሆነሻል? ቁርስ የለም እንዴ? ደግሞ ይሄ ምን ልብስ ነው፣ ያዩሻል እኮ!»

«ይዩኝ» አልኳት። «ላርፍ ነው የመጣሁት።»

«እኔ የፈለግኩት አንድ ቀን ነው። ለሕይወቴ አንድ ቀን ብትሰጪኝ ምን ትሆኛለሽ?»

«ያልሽኝን ሁሉ ሰጥቼሽ ነበር» አልኳት። «ወባውን ግን የያዘሽ አንቺን ነው።»

ቀና ብላ ወደ ድንኳኖቹ ተመለከተች፤ የሰማ ሰው እንዳለ ለማየት። እኔን አላየችኝም። ቦርሳዬን አንሥቼ፣ ከድንኳኑ ደጃፍ ላይ የነበሩትን እናትየዋን እጅ ነሥቼ ወጣሁ። እስከ ዋናው መንገድ በእግሬ ሄድኩ፤ አዲሱ ቀሚሴ እውነትም አቧራ ለበሰ።

ዴም አልተመለሰችም። ከጥቂት ቀን በኋላ የሪክሻ ሹፌር ልካ ዕቃዋን አስወሰደች። ራሷ ብትመጣ ምን እንደምላት ስንት ጊዜ ተለማምጄ ነበር። ሹፌሩን ምን ልበለው? ልብሷን አጣጥፌ ሰጠሁት።

ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እናትየዋ አገኙኝ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ጠሩኝ።

«አባረረችሽ ሲባል ሰማሁ። እኔ ዘንድ ሥራ አለ፤ ብትፈልጊ ነይ» አሉኝ።

ያኔ ሳላስበው አፌ ተከፈተ። «እትዬ፣ እኔ የእሷ ሠራተኛ ሆኜ አላውቅም።»

ይደነግጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት?»

«ያ ቢቲ፣ እኔስ ምን ሆኜ ካርቱም የገባሁ ይመስልሻል? ሸጋላ ሆኜ ነው። ሻዩን ስታቀርቢላት ብርጭቆውን ልትቀበልሽ ብድግ ልትል ነበር፤ ከዚያ ራሷን ያዘች። እመቤት እንደዚያ አትሆንም።» ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ለልጄ አልነገርኩትም። ይወዳታል። አንቺም አትንገሪው፤ ኸላስ፣ ይለፍ።»

«እኔንስ?» አልኳቸው። «እኔ ላይ የሆነውስ?»

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «ሥራውን ከፈለግሽ ነይ ብዬሻለሁ» አሉኝ፤ ነጠላቸውን መለስ አድርገው ወደ ሴቶቹ ሄዱ።

ቆሜ ቀረሁ። እሷ የፈራችው ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም። እውነቱን ብትናገር ይቀበሏት ነበር። የሸጠችኝ በከንቱ ነው። እውነቱን የሚያውቁት ሰው ደግሞ ዝም በይ ይሉኛል፤ ልባቸው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ለእሳቸው የኔ ነገር ትንሽ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ነው ወይስ ይሄኛው ይበልጥ የጎዳኝ፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

ሥራውን አልሄድኩበትም። ተጋቡ። ሠርጉን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ዴም ባዶ ሆነች፤ እኔ በስንት መከራ ገዳሪፍ ደረስኩ። እዚህ ሳለሁ ነው አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር የተደወለልኝ። ድምፅዋን ሃሎ ስትል ለየሁት።

«አለሽ? በሕይወት አለሽ?» አለችኝ።

«አለሁ። እናንተስ?»

«ካይሮ ነን። እናቱም አብረውን አሉ።» ከዚያ አለቀሰች፤ ረጅም ልቅሶ። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ጠበቅኩ። የምጠብቀው አንዲት ቃል ነበረች፤ ብትላት ኖሮ እኔም አብሬ አለቅስ ነበር። ልቅሶዋን ስትጨርስ ስለ መንገዱ ነገረችኝ፣ ስለ ድንበሩ፣ ስለ ቤት ኪራዩ። ስለ ልጇም ነገረችኝ፤ ወልዳለች። በመጨረሻ፣ «ናፍቀሽኛል፤ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?» አለችኝ።

«ደህና ሁኚ» አልኳት።

ቁጥሩን አላጠፋሁትም፤ መልሼም አልደወልኩም።