ፍሬን የሌለው የዘይነብ ቢስክሌት

ማክሰኞ፣ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ

ከኮምቦልቻ የተነሳነው ማክሰኞ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። እኔ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። አብራኝ የተሳፈረችው ሐያት የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪዬ ስትሆን፣ የምንሄደው እሷ ሪያድ ላይ በወጣቶች የትራክ ቢስክሌት ውድድር እንድትሳተፍ ነው። ትራክ የሚሉት ዙሪያው እንደ ሳህን ጠርዝ ወደ ላይ የተቃና ሜዳ ነው። እኛ ግን የምንለማመደው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳማ አስፋልት ላይ፣ የጭነት መኪኖች ፋታ ሲሰጡን ነው።

ከዚህ በፊት ካይሮ ወስጃት ነበር። በተዋስነው አሮጌ የብረት ቢስክሌት የመጨረሻ ወጣች። አብረዋት የተሰለፉት ልጆች የነዱት ከካርቦን የተሠራ ቀላል ቢስክሌት ዋጋው ሲነገረኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ፤ እኛ ሰፈር ቤት ይገዛል። ከውድድሩ በኋላ በነበረው የአሠልጣኞች ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ "የምታወዳድሩት ልጆቹን ነው ወይስ የአባቶቻቸውን ኪስ?" ብዬ ጮህኩ። አጨበጨቡልኝና ወደ ምሳቸው ሄዱ።

የሐያት ታላቅ እህት ዘይነብ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እሷም ድሮ ተማሪዬ ነበረች። የካይሮውን ወሬ ስትሰማ፣ ለእናቷ ጣሪያ ማሳደሻ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ሁሉ አውጥታ ለእህቷ የትራክ ቢስክሌት ገዛች። እናትየው እትዬ ከድጃ ሲሸኙን እጄን ይዘው፣ "ጣሪያው ይቆየኝ። የዘይነብ ልፋት ሜዳ ላይ ሲሮጥ አይታችሁ ንገሩኝ እንጂ እኔ ሌላ አልፈልግም" አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ "አያስቡ" አልኳቸው።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን። ዋጋው ካለፈው ጉዞዬ እጥፍ ሆኗል። ሐያት አንዱን ከረጢት ለዘይነብ ነው ብላ እስከ አዲስ አበባ አላስነካ አለችኝ።

ረቡዕ፣ ሪያድ

ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስንወጣ ሙቀቱ የዳቦ ቤት ምድጃ የተከፈተ ያህል ፊታችንን መታን። ማረፊያችን ሙረባዕ በሚባል ሰፈር ውስጥ ያለ ያረጀ ሆቴል ነው። ከሰዓት በኋላ በአራት ሪያል ቲኬት በከተማው ባቡር ተሳፈርን። ባቡሩ ሹፌር የለውም ሲሏት ሐያት አላመነችም፤ እስከ ፊተኛው ፉርጎ ሄዳ አይታ ተመለሰች።

ዘይነብ ከምትሠራበት ከሱለይማኒያ ሰፈር ወደ ሆቴላችን በታክሲ መጣች። ከራሷ የሚበልጥ ካርቶን እየጎተተች ነበር። እህቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ጠርጋ አጣደፈችን።

"ያላ፣ ቶሎ ክፈቱት! ማዳም የፈቀደችልኝ ለአንድ ሰዓት ነው። ቲቸር፣ ክፍሌ ጠባብ ናት። እሱ አልጋ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ ስንተኛ ነው የከረምነው።"

ቢስክሌቱ ጥቁር ነው፤ በሁለት ጣት ይነሳል። ሐያት በመዳፏ ስትዳስሰው ዘይነብ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ቲቸር፣ ተሸውጃለሁ መሰለኝ። ፍሬን የለውም። ሁለቴ ሱቁ ድረስ ተመልሼ ተጣላሁ፤ ሰውየው ይስቅብኛል።"

የትራክ ቢስክሌት ሲፈጥረውም ፍሬን እንደሌለው፣ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም እንደሚዞር፣ የሚቆመውም በእግር ጉልበት እንደሆነ አስረዳኋት።

"ወላሂ፣ ማቆሚያ ለሌለው ነገር ነው ይሄን ሁሉ የከፈልኩት?" አለችና ሦስታችንም ሳቅን።

ሐሙስ፣ የስብሰባው ቀን

ጠዋት የአሠልጣኞች ስብሰባ ተጠራ። ዋናዋ ዳኛ በዕድሜ የገፉ ሞሮኳዊት ናቸው። ዘንድሮ ለሙከራ ያህል ወጣቶቹ በሙሉ አዘጋጆቹ ባቀረቡት አንድ ዓይነት የብረት ቢስክሌት፣ ያውም በዕጣ ደርሷቸው እንደሚወዳደሩ አስታወቁ። የራስን ቢስክሌት ወደ ሜዳው ማስገባት አይቻልም። ቀጥለው በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። አስተርጓሚው፣ "ይህን ጥያቄ ካይሮ ላይ ያነሱትን ኢትዮጵያዊ አስተማሪ እናመሰግናለን" አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ተነስቼ እጅ ነሳሁ፤ ፊቴን የት እንደማደርገው ግን አላወቅኩም።

የምፈልገው ተፈጸመ፤ የዘይነብ ቢስክሌት ግን ሜዳ ሊረግጥ አይደለም። እጄን አውጥቼ፣ "ደንቡ ከሚመጣው ዓመት ቢጀምርስ?" አልኩ። እኔው ነኝ ያልኩት! ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጥያቄው የእርስዎ አልነበረም እንዴ?" አሉኝ። ከኋላዬ የነበሩት የሀብታሞቹ አሠልጣኞች በደስታ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከማን ጋር እንደሆንኩ ለራሴም ጠፋኝ።

ሐያት በር ላይ ስትጠብቀኝ ነበር። ነገሩን ነገርኳት።

"አልወዳደርም ቲቸር። ዘይኑ የነገውን ዕረፍት የለመነችው በሱ ስነዳ ልታይ ነው።"

ለዘይነብ ስልክ ደወልን። ነገሩን ሁለቴ አስደገመችን።

"ኸላስ፣ በቃ፣ በሰጧት ትንዳ" አለች በመጨረሻ። "አብሽሪ፣ አትዘኚ በላት። ግን ለእማ ምን እላታለሁ? ጣሪያሽ ካርቶን ውስጥ ቀረ ልበላት?"

ስልኩን ለሐያት አቀበልኳት።

ዓርብ፣ ሜዳው

ዘይነብ ቢስክሌቱን ይዛ መጣች። "ባይነዳም ውድድሩን ይይ" ብላ ከጎኗ የተመልካች ወንበር ላይ አስደገፈችው፤ ጠባቂውም ተከራክሯት ሲያቅተው ተዋት።

ውድድሩ የማስወገድ ነው፤ በየሁለት ዙሩ የመጨረሻዋ ልጅ ትወጣለች። ሁሉም የያዙት ግራጫ ብረት ስለሆነ የቱ ልጅ የሀብታም እንደሆነ መለየት አይቻልም። ሐያት ሻሿን ከራስ መከላከያዋ ሥር ጠቅልላ፣ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ከኋላ ሆና ለጥቂት ነበር የምትተርፈው። ኋላ ላይ ወደ ጠርዙ ወጥታ ቁልቁል እየተወረወረች ማለፍ ጀመረች። ሦስት ልጆች ሲቀሩ እሷ አለችበት! ሦስተኛ ወጥታ የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደች። ዘይነብ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጠባቂው መጣ፣ አያትና ሳቀ።

ደስታችን በረድ ሲል ዘይነብ ወደ እኔ ዞረች።

"ቲቸር፣ እውነቱን ንገረኝ። በኔ ብትነዳ አንደኛ ትወጣ ነበር?"

እውነቱ ሌላ ነው። ሁሉም የየራሱን ይንዳ ቢባል ኖሮ ከዘይነብ ቢስክሌት የሚበልጡ ብዙ ነበሩ፤ ሐያት ሜዳሊያ ማየቷንም እጠራጠራለሁ። ሐያትን የጠቀማት ያው የዘይነብን ልፋት ከንቱ ያደረገው ደንብ ነው። ይህንን በምን አፌ ልንገራት? "አላውቅም ዘይነብ" አልኳት።

ቅዳሜ፣ ፉጣ

ቢስክሌቱን ለመመለስ ሱቁ ሄድን። ሻጩ የተሸጠ አይመለስም አለን። ፉጣ በሚባለው ሰፈር ባለች የሐበሻ ምግብ ቤት ሩዝ በሥጋ አዘዝን፤ ማንም በቅጡ አልበላም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ዘይነብ ካርቶኑን እንደ ሰው አቅፋ ተሰናበተችው።

ኮምቦልቻ

እነ ሐያት ቤት የደረስነው በዝናብ ነው። እትዬ ከድጃ ጎረቤት ሰብስበው ጠበቁን። ቢስክሌቱን ጣሪያው ከማያፈስበት ብቸኛ ጥግ አቆሙት፤ ባልዲዎቹን ወደ መሐል ገፉ።

ይህ ጉዞ ምን አስተማረህ ብትሉኝ እንደሄድኩ ግራ እንደተጋባሁ ነው የተመለስኩት። ደንቡ ትክክል ነው፤ ነገም ብጠየቅ እደግፈዋለሁ። ልጅ በእግሯ ትመዘን። የዘይነብ ላብ ግን በየትኛው ደንብ እንደሚመዘን እስካሁን አልገባኝም።

እትዬ ከድጃ ሜዳሊያውን በቢስክሌቱ መሪ ላይ አንጠለጠሉትና፣ "የዘይነብዬ ቢስክሌት ነው ይህን ያመጣው!" አሉ። ላርማቸው አፌን ስከፍት ሐያት ቀደመችኝ።

"አዎ እማ፣ በሱ ነው" አለች።

በጉልበቷ ያመጣችውን ለእህቷ ሰጠቻት፤ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ዘይነብ ስልኩ ላይ ነበረች። እናትየው፣ "ሰማሽ ልጄ? ጣሪያው ጥንቅር ይበል!" ሲሉ "አልሐምዱሊላህ" የሚል ድምፅዋ ብቻ ተሰማ።

እትዬ ከድጃ ወደ እኔ ዞሩ። "እርስዎ አጠገቡ ነበሩ አይደል? እስቲ ሲሮጥ እንዴት እንደነበረ ይንገሩን።"

ጎረቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ጠጋ ጠጋ አለ። ሐያት መሬት መሬት ታያለች። እኔም ጥቁሩ ቢስክሌት ጠርዙ ላይ ወጥቶ ቁልቁል እንዴት እንደተወረወረ፣ ማንን ማንን እንዳለፈ፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው።