የፈረሱ ደህንነት

የቡታጅራው ባለ ጋሪ ሀቢቡ ምላሱ ከፈረሱ ቀድማ መናኸሪያ የምትደርስ ሰው ነው። እሱ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አለ ብል ማን ያምነኛል? ግን ዝም ብሎ ነበር።

ሰበቡ አንዲት ቃል ናት። የጋሪ ማኅበራችን ሊቀመንበር ዓርብ ዕለት ሰብስቦን፣ «ሕግ ወጥቷል። ከሰኞ ጀምሮ የእንስሳት ደህንነት ይመጣል፤ በገጣባ ፈረስ የሚሠራ ታርጋው ይነጠቃል» አለ። እኛ ስለ ፈረሶቹ ጤናና ምቾት መሆኑ ገባን። ሀቢቡ ግን የሚያውቀው ደህንነት አንድ ብቻ ነው፦ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሰው የሚከታተለውን። መንግሥት ለፈረስም ሰላይ መደበ ብሎ ክው አለ።

የሚደነግጥበት ነገርማ ነበረው። የፈረሱ የዳማ ጀርባ መዳፍ በሚያህል ቁስል ተገጥቧል፤ እሱ ጆንያ ደርቦበት ይሠራል። ጋሪው ከቆመ ጓዳው ባዶ ነው፣ አልክድም። ቢሆንም ስንቴ «ኧረ ተው!» ብዬዋለሁ፤ ያናድደኝ ነበር።

ሰኞ አለንጋውን ቤት ትቶ መጣ። ዳማን «አንቱ» ማለት ብቻ ነው የቀረው። ከሆስፒታሉ በር ላይ አንድ ባለ ጥቁር መነጽር ጋሪው ላይ ወጣ፤ አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴትም ተከተለችው። እኔ ከኋላ ወረፋ ይዤ እሰማለሁ።

«ጌታዬ፣ ወላሂ አልደብቅዎትም» አለ ሀቢቡ፤ «ከጆንያው ሥር ገጣባ አለ። የዛሬን ይማሩኝ!»

«እኔ ምን አገባኝ? ዓይኔን ታክሜ መውጣቴ ነው» አለ ሰውዬው።

«እኔን ግን ያገባኛል» አለች ሴትየዋ። ለካ ሕጉን እንድታስከብር የተመደበችው የእንስሳት ሐኪም ተናኘወርቅ ኖራለች።

ወርዳ ጆንያውን ስትገልጠው ዝንቡ ተነሳ። ሀቢቡ ማየት አቅቶት ፊቱን አዞረ።

«ራስህ ስለተናገርክ ታርጋህን አልነካም» አለችው። «ፈረሱ ግን አሥራ አምስት ቀን ያርፋል። አሁኑኑ ፍታው።»

ዳማን ፈታው። ጋሪውን መንገድ ላይ አይጥለው ነገር፣ ራሱ ገብቶ ይጎትተው ጀመር። «ሀቢቡ፣ መናኸሪያ ስንት ነው?» እያልን ሳቅንበት። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ግን አሳዘነኝና ከኋላ ገፋሁለት።

በማግስቱ ልጠይቀው ስሄድ ሚስቱ ከድጄ የተላጠ ትከሻውን ቅባት ትቀባዋለች።

«አሥራ አምስት ቀን እረፍት ነው የተባለው» አለ እያቃሰተ።

«እሱ ለፈረሱ ነው» አልኩት።

«ለኔስ?»

«ላንተ ሕግ አልወጣም» አለች ከድጄ። «ተነስና ሣር እጨድለት።»