አራተኛው ቀይ ክር

አያ የሻው ሞተር ሲያስተምሩኝ መጀመሪያ ያሳዩኝ ቁልፍ ወይም ካቻቢቴ አልነበረም፤ ክር ነው። ፒያሳ ካሉ ልብስ ሰፊዎች የሚገዙት ቀይ ክር። አንድ ነገር ሲያላሉ እዚያው ላይ ያስራሉ፤ አጥብቀው ሲጨርሱ ራሳቸው ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ። «ክር ያለበት አላለቀም» ይሉኛል፤ «እኔ ያሰርሁትን ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም አይፍታው።» ሌላ ሕግ አልነበራቸውም። እኔም ያችኑ አንዷን ነው ያፈረስኳት።

የተወለዱት ኮሶዬ ነው። በወጣትነታቸው ውትድርና ገብተው የአውሮፕላን ሞተር ጥገና ተማሩ፤ ሠራዊቱ ሲበተን በእግራቸው አገራቸው ገብተው የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ሆኑ። ከኮሶዬ እስከ መካነ ብርሃን እሳቸው ያልከፈቱት ወፍጮ የለም ይባላል። አንድ የዱር እንስሳት ቆጠራ ፕሮጀክት አሮጌ አውሮፕላን ወደ ጎንደር ሲያመጣና የሚጠግናት ሲጠፋ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰው ከወፍጮ ቤት ጠርተው አመጧቸው። እኔን ረዳት አድርገው ሰጧቸው።

አውሮፕላኗ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ክንፎቿ ረጃጅም ናቸው። በሞተር ትነሳና ከፍ ስትል አብራሪዋ ሞተሩን አጥፍታ በነፋስ ብቻ ትንሳፈፋለች፤ ዋልያና ጭላዳው ሳይደነግጥ የሚቆጠረው ያን ጊዜ ነው። ጣጣው ሞተሩን አየር ላይ መልሶ ማስነሳቱ ላይ ነው። ባትሪው ይደክማል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ የነዳጁ ላስቲክ ቱቦ ይሰነጠቃል፤ መለዋወጫ ለማግኘት ደግሞ ወራት ይፈጃል። አያ የሻው ቱቦውን በአፍንጫቸው ይመረምሩታል። አሽትተው አሽትተው «ይችስ እንደኔ አርጅታለች» ይላሉ። ቀልዳቸው ሁልጊዜ ያው ነው፤ እኔም ሁልጊዜ እስቅ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ኅዳር አሥራ አንድ ቀን የነዳጁን ቱቦዎች ስንቀይር ዋልን። አመሻሹ ላይ እጃቸውን ታጥበው ተነሡ። «ነገ ሚካኤል ነው፤ ቁልፍ አልነካም። ከነገ ወዲያ እንጨርሰዋለን።» ሞተሩ ላይ አራት ቀይ ክሮች ትተው ሄዱ።

በበዓሉ ቀን ጠዋት የፕሮጀክቱ ኃላፊ ደወለልኝ፤ እንግዶች ሊጎበኙን ነው። ሮጬ ደረስኩ፤ ወለሉን ጠረግሁ፣ ክንፎቹን ወለወልሁ። ኃላፊው መጣና ክሮቹን አየ። «ይሄ ምንድነው? የጠንቋይ ቤት አስመሰላችሁት እኮ!» አፈርኩ። እንግዳ ፊት ከመዋረድ የሚብስብኝ ነገር አልነበረም፤ ሞኝነቴ ነው። ሦስቱን ፈትቼ መደርደሪያ ላይ አኖርኩ። አራተኛው፣ የቱቦው ማጥበቂያ ቀለበት ላይ የታሰረው፣ ቋጠሮው እምቢ አለኝ። በፒንሳ ቆርጬ ቱታዬ ኪስ ከተትኩት። እንግዶቹ አጨብጭበው ሲሄዱ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሦስቱን መልሼ አሰርኩ። ኪሴን ረሳሁት።

በማግስቱ አያ የሻው መጥተው ሦስቱን ጨረሱ፤ ሦስት ክር ፈቱ። ሞተሩን መሬት ላይ ሲሞክሩት ቱቦው በራሱ ጥብቀት ይዞ ስለነበር አልፈሰሰም። ተስተካክሏል ብለው ፈረሙ።

አብራሪዋ ራሔል ተራራው ላይ ሞተሩን አጥፍታ ቆጠራዋን ጨረሰች። መልሳ ልታስነሳው ስትል ቱቦው ሾልኮ ቤንዚኑ እግሯ ሥር ፈሰሰ። ደግነቱ የነዳጁን መዝጊያ ወዲያው ዘጋችው። በነፋሱ እየተንሳፈፈች ዳባት አካባቢ የግጦሽ ሜዳ ላይ አረፈች፤ ክንፉ የድንጋይ ካብ መታ፣ የእጇ አንጓ ተሰበረ። እሳት ቢነሳ ኖሮ የምንቀብረው እንኳ አይተርፍም ነበር።

ስብሰባው ላይ ኃላፊው «ማን ነው ያላጠበቀው?» ሲል አያ የሻው ተነሡ። «እኔ ነኝ። ክር ማሰሩን ረስቸዋለሁ። እስከ ዛሬ ረስቸ አላውቅም ነበር።» እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። እኔ በዚያች ሰዓት እጄን ኪሴ ውስጥ ሰደድኩና ክሩን አገኘሁት። ከነቋጠሮው።

ክሩን እዚያው ተውኩት። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱ መፍቻዎቻቸውን ለእኔ አስረክበው ሄዱ፤ ወንበራቸውም ለእኔ ሆነ። «ነገ» እያልኩ ሁለት ዓመት በላሁ።

ባለፈው ወር አንድ የመካነ ብርሃን ባለወፍጮ ፒያሳ አገኘኝ። ወፍጮው ከቆመ ሰንብቷል፤ ሴቶቹ እህል ተሸክመው የግማሽ ቀን መንገድ ይሄዳሉ። «አያ የሻውን ብለምናቸው፣ ‹ጭንቅላቴ ሞቷል፣ ሰው እገድላለሁ› ብለው መለሱኝ» አለ።  በማግስቱ ኮሶዬ ወጣሁ።

ባለቤታቸው እትዬ የትነበርሽ በሩን ከፈቱልኝ። መቀርቀሪያው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። የውሃው ጀሪካን ላይ ክር፣ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ክር፣ ከዘራቸው ላይ ክር። ዓይኔን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «እረሳለሁ ብሎ ፈርቶ ነው ልጄ። ክብሪቱንም ደብቄበታለሁ። ቤተ ክርስቲያንም እጁን ይዤ ነው የምሄድ።»

አያ የሻው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። «ወንድምአገኝ! ምነው ጠፋህ? አውሮፕላኗ ሸጋ ናት?»

መቀመጥ አልቻልኩም። ክሩን አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። «አያ፣ አንቱ አልረሱም። አስረውት ነበር። በሚካኤል ዕለት እንግዳ መጣ ብዬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ክሩን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ የእጃቸውን ሥራ መቼም አይስቱትም። 

«አስሬው ነበር?»

«አስረውት ነበር፣ አያ።»

«ስብሰባው ዕለት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እትዬ የትነበርሽ ወዳሉበት ማድ ቤት ዞሩ። «ለእሷ ንገራት» አሉኝ። «ለእኔ የነገርኸውን ሁሉ፣ አንድ ሳታስቀር።»

ነገርኳቸው። እትዬ የትነበርሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ አልረገሙኝም፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ከሣጥናቸው ክብሪቱን አውጥተው ባላቸው እጅ ላይ አኖሩት። አያ የሻውም ተነሥተው መቀርቀሪያውን፣ ጀሪካኑን፣ ጠርሙሱን፣ ከዘራውን አንድ በአንድ ፈቱ። እኔ መሐል ቤት ቆሜ ቀረሁ። የፈቷቸውን ክሮች ኪሳቸው ከተቱ።

«ነገ መካነ ብርሃን እወርዳለሁ» አሏቸው ለባለቤታቸው። «ያ ወፍጮ ይጠብቀኛል።»

ይቅርታ ልጠይቅ እግራቸው ላይ ስወድቅ ክንዴን ይዘው አነሡኝ። ልባቸው የራራ መስሎኝ ነበር። ከኪሳቸው አንድ ክር መዝዘው የኮቴ ቁልፍ ቀዳዳ ላይ አሰሩት፤ ቋጠሮውን ሁለቴ አጠበቁት።

«ሂድ በቃ፤ መኪና እንዳያመልጥህ» አሉኝ።

ይኸው ወር አለፈው። ሰው ያየውና ምንድነው ይለኛል። እኔ አልነካውም።