ክታብ ልትሆን የነበረች ጥይት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የአጥር መሠረት ሲያስቆፍር የዛገ ጥይት ወጣ። ሠራተኞቹ እየተቀባበሉ ሲያገላብጡት አይቼ፣ በዚህ ጉልበቴ ተነሥቼ ጮህኩባቸው። አስቀምጡትና ራቁ፣ ፖሊስ ጥሩ አልኳቸው። አንዱ ሳቀና «አባባ፣ ይሄ እኮ የሞተ ነው» አለኝ። የሞተ! ፖሊስ መጥቶ እስኪወስደው ከዚያ አልተነቃነቅሁም።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ እዚሁ ኮልፌ በአንድ ማሠልጠኛ ምልምል ነበርኩ። እሁድ እሁድ ሌላው ዘመዱ ዘንድ ሲሄድ፣ እኔ ሰው የለኝም፤ አጥሩን ተደግፌ ወደ ገበያ የሚወርደውን ሕዝብ አያለሁ። ያለኝ አንድ ደምሴ ነበር፣ አልጋው ከአልጋዬ አጠገብ። ከቤቱ የሚላክለትን በሶ በጣሳ ይበጠብጥና ግማሹን ሳልጠይቀው ይሰጠኛል። የዚያ በሶ ጣዕም እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

ጥይት ስትከሽፍ ሕጉ የታወቀ ነበር። አፈሙዙን ከዒላማው ሳታዞር እጅህን ታነሣለህ፤ ሳትነካካ ትጠብቃለህ። ዘግይታ ልትተኮስ ትችላለችና። ከዚያ አሠልጣኛችን ሃምሳ አለቃው ራሱ መጥቶ ያወጣትና አሸዋ ባለበት ሣጥን ለብቻዋ ያኖራታል። ምልምሎች ግን የራሳችን እምነት ነበረን። ተመትታ እምቢ ያለች ጥይት የያዛትን ሰው ሌላ ጥይት አይነካውም ይባላል። አስበስተው እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ ያሰሩ ነበሩ።

መስከረም ላይ፣ ሜዳው በአደይ ቢጫ ለብሶ ሳለ፣ የደምሴ ጥይት ከሸፈች። ሁሉም በሕጉ ሆነ። ሣጥኑን ወደ መጋዘን የተሸከመው ግን እሱ ነበርና በመንገድ ላይ ወሰዳት። ማታ ከካልሲው አውጥቶ አሳየኝ። እሁድ ገበያው አጠገብ ካለ ብረት ሠሪ ወስዶ ሊያስበሳት ነው፤ በምስማርና በመዶሻ! ተው፣ እጅህ ላይ ትፈነዳለች ብዬ ስለምነው ሳቀብኝ። ጠረፍ ትመደባላችሁ ይሉን ስለነበር ፈርቷል።

«እናቴ ከእኔ ሌላ የላትም» አለኝ። «አንተ ዝም በል ብቻ።»

እሁድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ሳየው ተነሥቼ ወጣሁ። በጓሮ ዞሬ ለሃምሳ አለቃው ነገርኩት። በር ላይ ያዙት። ሃምሳ አለቃው ጥይቷን ቀስ ብሎ ተቀበለው፣ አሸዋው ውስጥ አኖራት፤ አልጮኸም። ደምሴን ግን ከሥልጠናው አስወጡት።

ፍራሹን ሲጠቀልል አጠገቡ ቆሜ ነበር። «ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ጆሮ ጠቢ የሚል ስም ወጣልኝ። ምግብ ቤት ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ሳህኑን ይዞ ይነሣል። ሥልጠናውን የጨረስኩት እንዲያ ነው፣ ሰው በሞላበት ቤት ብቻዬን።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሳንሱሲ ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ ደምሴን አየሁት። ሸብቷል። ሕፃን ልጅ በሁለት እጁ ሽቅብ እየወረወረ ይቀልባል፣ ልጁ ይንከተከታል። አየኝና ፊቱን አዞረ። ልጠራው ነበር፣ ተውኩት። ታክሲው ሲመጣም አልገባሁም፤ ቆሜ እጆቹን ሳይ ቀረሁ።

ይህን የሰሙ ሁሉ ደግ አደረግህ ይሉኛል። አውቃለሁ፣ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ግን ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ምሳዬን ብቻዬን ነው የምበላው፣ በሩንም ገርበብ አድርጌ ነው። ደምሴ ሊሰድበኝ እንኳ ቢመጣ፣ ግባ ብዬ አስቀምጠው ነበር።