ይመርን ክብደት ያስተማርኩበት ክረምት

ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒዩተር አስተምራለሁ፤ ጡረታዬም ደርሷል። ተማሪዎቼ ከትምህርቱ ውጭ ሁለት ነገር ያማክሩኛል። አንደኛው በነፃ ከሚገኙት ፕሮግራሞች የቱ እንደሚሻል ነው። ለእሱ መልስ አላጣም፤ ፍላሻችሁን አምጡ እላለሁ፣ ገልብጬ እሰጣለሁ። ሁለተኛው ክብደት ማንሳት እንዴት እንደሚጀመር ነው። ይኼን ሲጠይቁኝ አንድ ቦታ መቆም ያቅተኛል። በሰፈራው ዘመን አሶሳ ላይ የገጠመኝ ይመጣብኛል፤ ስንት ዘመን አልፎም አልለቀቀኝም።

ያኔ ወጣት የሒሳብ መምህር ነበርኩ። በድርቁ ምክንያት ከወሎ ለሚመጡ ሰፋሪዎች ጎጆ እንድንሠራ ከተማሪዎቻችን ጋር ተላክን። ቀኑን ሙሉ ቀርከሃ ስንቆርጥና ሣር ስንሸከም እንውላለን። ሌላው ደክሞት ሲጋደም እኔ ግን እቁነጠነጣለሁ። ከተማ እያለሁ ክብደት የማንሳት ልማድ ስለነበረኝ ሰውነቴ ያለ እሱ አያርፍም። እናም ሁለት ባዶ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ አሸዋ ሞልቼ፣ አሮጌ የብረት ቱቦ ጫፍና ጫፍ ላይ አስሬ፣ ጠዋት ጠዋት ማንሳት ጀመርኩ። ሰፋሪዎቹ ቆመው ያዩኛል። አንዲት ሴትዮ "ይኼ ሰው ያነሳውን እዚያው መልሶ ከጣለው ምን አደከመው?" ብላ ሰዉን አሳቀችብኝ።

ይመር ግን አልሳቀም። ሃያን ያለፈ፣ ጉንጩ የጎደጎደ የወሎ ልጅ ነው። አንድ ጠዋት ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ ይኼን ነገር ያስተምሩኝ" አለኝ።

"ለምን ፈለግኸው?"

"እናቴን ልሸከምበት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ላይ ሲጫኑ እናትና ልጅ ተለያይተው፣ እናቱ ከባምባሲ ወዲያ ያለ ሌላ መንደር ወርደዋል። እግራቸው አብጦ መራመድ እንዳቃታቸው ከዚያ የመጣ ሾፌር ነግሮታል። ለጣቢያው ኃላፊ ቢያመለክት "ጠብቅ" ተባለ። ጠብቆ ጠብቆ ትዕግሥቱ አለቀ። አሁን ሄዶ አዝሎ ሊያመጣቸው ነው። ያለ ፈቃድ ከመንደር የወጣ ሰው ደግሞ እንደ ኮብላይ ይቆጠራል፤ ሚሊሻ ይላክበታል።

"እናትህ ወፍራም ናቸው እንዴ?" አልኩት።

"ደልደል ያለች ሴት ናት። ውሃ የሞላ እንስራ አዝላ ዳገት ትወጣ ነበር። እኔ ነኝ ጉልበት ያጣሁት። መንገድ ላይ እንዳልጥላት ነው የምፈራው።"

እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ጆንያ ውስጥ አሸዋ ጨምረን በጋቢው አሳዘልኩት። የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ስትነሳ በእግርህ ተነስ እንጂ ወገብህን አታጉብጠው። ትንፋሽህን አትያዝ። ሳትደክም እረፍ፤ ደክመህ ከተቀመጥክ መነሳቱ ይብስብሃል። በባዶ ሆድ ክብደት ስለማይነሳ ከተማሪዎች ወጥ ቤት የተረፈውን ቆሎና ብስኩት እያመጣሁ አበላዋለሁ። አሸዋውን ቀስ በቀስ ጨመርንበት። እሱ ጆንያውን አዝሎ ጎጆዎቹን ሲዞር እኔ ከኋላው እየተከተልኩ ግራ ቀኙን አያለሁ። አንድ ቀን ኃላፊው ቆሞ ሲያየን "ስፖርት ነው፣ ጓድ" አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ይመር አልመጣም። ዋዜማውን "ራሽን ሳይታደል እመለሳለሁ፣ አብሽር ጋሼ" ብሎኝ ነበር። ሂያጁ እሱ፣ የሚጽናናው እኔ።

ራሽን የሚታደልበት ቀን ደረሰ። ስሙ ተጠራ፤ ይመር የለም። ኃላፊው ወዲያው ወደ ቢሮው አስጠራኝ። የአሸዋው ጆንያ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል።

"ጓድ መምህር፣ ለረጅም መንገድ የሚሆን ጉልበት ነው ለካ የምታዘጋጅለት? ሱዳን ነው የሄደው?"

እውነቱን ብናገር ሚሊሻ መንገድ ላይ ጠብቆ እናቱን እንዳዘለ ይተኩስበት ይሆናል። ባልናገር አስኮብላዩ እኔ ነኝ። "ስፖርት ነው" አልኩ ደግሜ። ራሴም አላመንኩትም።

"እንግዲያው ነገ አሶሳ ከተማ ሄደህ ስለ ስፖርት ታስረዳለህ" አለኝ። በሩ ላይ ታጣቂ አቆመብኝ። ተቀመጥ ይለኛል፣ እቀመጣለሁ፤ መልሼ እነሳለሁ። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ባሰብኝ። ወንዝ ሞልቶበት ይሆን? ጥሏቸው ይሆን? ይመርን ረገምኩት፤ ወዲያው ደግሞ "ጌታዬ፣ ብቻ በሰላም ይድረስ" አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ውጭ ጫጫታ ተሰማ። ታጣቂው ሲወጣ ተከትዬው ወጣሁ። ይመር ነው። ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ በጋቢ የተጠቀለሉ እናቱን አዝሎ ቆሟል። አጠገቡ የማላውቃቸው አንድ የአካባቢው ተወላጅ የበርታ ሽማግሌ አሉ። ዝናብ ላይ አግኝተዋቸው፣ ቤታቸው አሳድረው፣ የማሽላ ገንፎ አብልተው፣ ሚሊሻ እንዳይተኩስባቸው ብለው ከፊት ከፊት እየሄዱ ያመጧቸው እሳቸው ናቸው።

ኃላፊው አፉን ሳይከፍት ሽማግሌው በሁለተኛ ቋንቋቸው በአማርኛ ቀደሙት። "አንተ ጋ አንድ ሰው ጠፋች አሉ። ይኸው ሁለት መጣ። ሁለት መጣ ጥፋት ነው?"

ራሽን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። ኃላፊው ሳቁን ሊውጥ ታግሎ አቃተው። "ሴትዮዋን መዝግቧቸው" ብሎ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

እኔ ይመርን ለማሳረፍ ሮጥኩ። ጎንበስ ብዬ፣ እግሬን ከፍቼ፣ ባለኝ ጉልበት እናቱን ስቀበል ወደ ኋላ ልወድቅ ነበር። ክብደት የላቸውም። ጋቢው ነው የሚመዝነው። ቀና ብዬ ይመርን አየሁት።

"ትከብደኛለች ብዬ ነበር እኮ፣ ጋሼ" አለኝና ተንሰቀሰቀ።

እናቱ ከርመው አገገሙ፤ በኋላ በእግራቸው መጥተው ራሽን ሲሰለፉ አይቻቸዋለሁ። እኔ ግን ዛሬም ብረቱን ከመጨበጤ በፊት እጄ ያመነታል። ይከብደኛል ብዬ ፈርቼ አይደለም፤ እንደ እሳቸው እንዳይቀለኝ ነው።