ወደ ግድግዳው የተባለ እንብላ

የወሰዱኝ ከማስተምርበት ክፍል ነው፤ ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ። ጥፋቴ ቆቦን ሊጎበኙ መጥተው ክፍሌ ለገቡ ትልቅ ባለሥልጣን አንድ ነገር መናገሬ ነበር። "በመንገዱ ዳር የወደቁት ረሃብተኞች እርስዎ እንዳያዩአቸው ትናንት ወደ ጓሮ ተወስደዋል" አልኳቸው። ሰዓታቸውን አዩና መኪናቸው ውስጥ ገቡ። እኔ ደግሞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ።

የታሰርኩባት ክፍል የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ናት። መስኮት የላትም፤ ከቆርቆሮው ሥር ብቻ ሽቦ የተወጠረበት ክፍተት አለ። ውስጧ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘሁ፤ ከሮቢት በታች የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ናቸው። ከድርቁ የተረፈችውን ትንሽ ማሽላ፣ የባለመሬቱ ወኪል መጥቶ ሳያካፍል፣ እሸቷን ቀጥፈው ከሚስታቸው ጋር በልተዋል። የታሰሩት ለዚህ ነው።

ሚስታቸው ተከትለዋቸው መጥተው ከግድግዳው ወዲያ፣ ከሌሎቹ ረሃብተኞች ጋር ተቀምጠዋል። ባልና ሚስቱ አይተያዩም፤ ድምፅ ግን ይሰማል።

ባልደረቦቼ ቂጣ ይልኩልኝ ነበር። ለሁለት ስቆርሰው ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩና እንደ ደንቡ "እንብላ" ይላሉ።

"አንቱ ብሉ፤ እኔ ጠግቤያለሁ" ይላሉ ሴትዮዋ ከውጭ።

ያኔ ብቻ ሽማግሌው ይጎርሳሉ። ሚስታቸው አለመጥገባቸውን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ለሴትዮዋ ቁራሽ እንዲያደርስ ዘቡን ለመንኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። "ለአንድ ሰው ከሰጠሁ አገሩ በሙሉ እዚህ ይሰፍርብኛል። አለቃዬም ከልክሏል" አለኝና በሩን ዘጋ። እኔ ግን ቂጣዬን እበላ ነበር። ርቦኛላ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ፣ ሽማግሌው ጠየቁኝ።

"መምህር፣ አንተ ተምረሃል። የዘራኸውን በላህ ብሎ ያሳሰረኝ ሰው ጠግቦ ያድራል። እሷ ውጭ ትደርቃለች። እግዜር ይኸን እያየ ስለምን ዝም ይላል?"

በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን የተማርኩት መልስ ነበረኝ። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

"አላውቅም አባባ።"

"ቄሱ 'ኃጢአታችን ነው' አሉኝ። የእሷን ኃጢአት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።"

በማግስቱ ቂጣው መጣ። "እንብላ" አሉ። መልስ የለም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። ከውጭ የሌላ ሰው ሳል ብቻ ተሰማ። በሩን ደበደብኩ። ዘቡ ገርበብ አድርጎ ከፈተውና፣ ወደ መሬት እያየ፣ "ጧት አስከሬናቸውን አንስተዋል" አለ።

ሽማግሌው አላለቀሱም። "እሷም እንደ እግዜር ዝም አለች" አሉ።

ከጣሳው ጥቂት ውኃ አፍስሰው እጃቸውን ታጠቡ። ያደፈ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው እንደገና "እንብላ" አሉ፤ መልስ የሚሰጥ ሰው እንዳለ ሁሉ ጠበቁ። ከዚያ ድርሻቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"ብላ ልጄ። እኔ ጠግቤያለሁ።"

እኔም አልነካሁትም። ቂጣው በመካከላችን ደረቀ።

በኋላ እኔን ፈቱኝ። እሳቸው የት እንደደረሱ ጠይቄ የነገረኝ የለም። ዛሬ የእሳቸውን ዕድሜ ያዝኩ፤ ያንን ጥያቄ የሚያነሳ ቢመጣ መልሴ አሁንም "አላውቅም" ነው። "እንብላ" ላለኝ ሰው ግን፣ ከድግስ የመጣሁ እንኳ ብሆን፣ "ጠግቤያለሁ" አልልም። እጄን ታጥቤ እቀርብና አንዲት ቁራሽ እቀምሳለሁ።